የሰርቨር የርቀት መቆጣጠሪያ ሲቆም አገልግሎት ሳይቋረጥ ዳግም ማስነሳት ይቻላል

የመሥሪያ ቤቶች የደመወዝ፣ የሒሳብና የተገልጋዮች መረጃ የሚገኝበት ሰርቨር በሥራ ሰዓት ከጠፋ ባለጉዳይ ይጉላላል፤ ሥራም ይስተጓጎላል። በመሆኑም ባለሙያው ሰርቨሩን ከሩቅ የሚከታተልበት መሣሪያ ምላሽ መስጠት ሲያቆም ሰርቨሩን ለማጥፋት መቸኮል ተገቢ አይደለም።

የርቀት መቆጣጠሪያው በሰርቨሩ ማዘርቦርድ ላይ የተተከለ፣ የራሱ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ነው። ሰርቨሩ ቢጠፋም እንኳ ኤሌክትሪክ እስካልተለየው ድረስ ይሠራል። ሙቀትን፣ የማራገቢያዎችን ፍጥነትና የኃይል አቅርቦትን የሚከታተል ሲሆን፣ ባለሙያው በአካል ሳይገኝ ሰርቨሩን እንዲያበራና እንዲያጠፋም ያስችላል። ዴል ኩባንያ አይድራክ፣ ኤች ፒ ደግሞ አይሎ ሲሉ ሰይመውታል። ሁለቱ ኩባንያዎች ከኢንቴልና ከኤን ኢ ሲ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1998 አይ ፒ ኤም አይ የተሰኘውን የጋራ የአሠራር ደረጃ ይፋ አድርገዋል።

መቆጣጠሪያው እንደማንኛውም ኮምፒዩተር አልፎ አልፎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ የመቆጣጠሪያው ገጽ አይከፈትም፤ ሰርቨሩ ግን ሥራውን ይቀጥላል። መፍትሔውም መቆጣጠሪያውን ብቻ ለይቶ ዳግም ማስነሳት ነው።

በሊኑክስ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ይህ የሚከናወነው አይ ፒ ኤም አይ ቱል በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ነው። ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን እዚህ የቀረበው ንባባቸው ነው። የሙሉ ሥልጣን መብት ያለው ባለሙያ በቅድሚያ «አይ ፒ ኤም አይ ቱል ኤም ሲ ኢንፎ» በማለት መቆጣጠሪያው ምላሽ ይሰጥ እንደሆነ ያረጋግጣል። ቀጥሎም «አይ ፒ ኤም አይ ቱል ኤም ሲ ሪሴት ኮልድ» የሚለውን ትዕዛዝ ይሰጣል። መቆጣጠሪያው እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃዎች ሊወስድ፣ ማራገቢያዎቹም ለጊዜው በኃይል ሊሽከረከሩ ይችላሉ። ከዚያም የመጀመሪያው ትዕዛዝ ተደግሞ ውጤቱ ይጣራል።

ተመሳሳይ የሚመስሉ ትዕዛዞችን አለማምታታት ዋነኛው ጥንቃቄ ነው። «ቻሲስ ፓወር ሳይክል» የሚለው ትዕዛዝ የራሱን የሰርቨሩን ኃይል ስለሚያቋርጥ አገልግሎት ያቆማል። በዴል ሰርቨሮች «ራክ ሪሴት» መቆጣጠሪያውን ዳግም ሲያስነሳ፣ «ራክ ሪሴት ሲ ኤፍ ጂ» ግን የተሞላውን ቅንብር ሰርዞ ወደ ፋብሪካው ይዞታ ይመልሰዋል። የመቆጣጠሪያው ሶፍትዌር በመሻሻል ላይ እያለም ዳግም ማስነሳት አይገባም።

መቆጣጠሪያው ለትዕዛዙ ጨርሶ ምላሽ ካልሰጠ ሰርቨሩን በሥርዓት አጥፍቶ የኃይል ገመዱን መንቀልና መልሶ መሰካት ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ አገልግሎት የሚያቋርጥ በመሆኑ የሚመለከታቸው ክፍሎች አስቀድመው እንዲያውቁት ተደርጎ ከሥራ ሰዓት ውጭ መከናወን ይኖርበታል።

የዩናይትድ ስቴትስ የሳይበርና የብሔራዊ ደኅንነት ተቋማት እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2023 ባወጡት መመሪያ፣ መቆጣጠሪያዎቹ በተለየ ኔትወርክ እንዲገለሉና ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል እንዲለወጥ መክረዋል። ሰርቨርን ከሩቅ የማጥፋት ሥልጣን ያለው መሣሪያ ካልተጠበቀ በሌላ እጅ ሊወድቅ ይችላልና፣ የሥራ ኃላፊዎች ትዕዛዙን ማን፣ መቼና ለምን እንደሰጠ በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።