የሶፍትዌር መሣሪያን ለኤጀንት መግለጽ

ኤጀንት የሚባለው በትልቅ የቋንቋ ሞዴል ላይ ተመሥርቶ የሚሠራ፣ ጥያቄ ከመመለስም አልፎ የተሰጠውን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያከናውን ፕሮግራም ነው። ሞዴሉ በራሱ ጽሑፍ ከማመንጨት በቀር ፋይል መክፈት፣ ከመረጃ ቋት መፈለግ ወይም ትኬት መቁረጥ ስለማይችል፣ እነዚህን ተግባራት የሚፈጽሙ ሌሎች ፕሮግራሞች ይቀርቡለታል፤ በዘርፉ መሣሪያ የሚባሉትም እነዚሁ ናቸው። ሞዴሉ የትኛው መሣሪያ በምን ግብዓት እንዲሠራ እንደሚፈልግ በጽሑፍ ሲያመለክት፣ ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር መሣሪያውን አሠርቶ ውጤቱን መልሶ ያቀርብለታል። በዚህ ሂደት ሞዴሉ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያውን ኮድ አያይም፤ የሚያየው ስለ መሣሪያው የተጻፈውን መግለጫ ብቻ ነው። ስለዚህ መግለጫው የሶፍትዌሩ አንድ አካል ሆኖ ሊታይና እንደ ኮዱ በጥንቃቄ ሊጻፍ ይገባዋል።

ለሶፍትዌር መግለጫ የመጻፍ ልማድ አዲስ አይደለም። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1971 በቤል ላቦራቶሪ ያዘጋጁት የዩኒክስ ሥርዓተ ክወና የመጀመሪያ መመሪያ የየትእዛዙን ስም፣ አጠቃቀምና የታወቁ ጉድለቶች ወጥ በሆነ ቅደም ተከተል ያቀርብ ነበር። ይሁንና የዚያ መመሪያ አንባቢ ያልገባውን ባልደረባውን ሊጠይቅ የሚችል ሰው ነበር። ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ሞዴሎቹ የተገለጹላቸውን ተግባራት መርጠው እንዲጠሩ የሚያስችል አሠራር ሲያቀርብ፣ አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያም በኖቬምበር 2024 ኤጀንቶችንና መሣሪያዎችን በወጥ ደንብ የሚያገናኘውን ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ይፋ ሲያደርግ፣ መግለጫ ከሰው በተጨማሪ ሌላ አንባቢ አገኘ።

በፕሮቶኮሉ መሠረት አንድ መሣሪያ በዋናነት የሚታወቀው በስሙ፣ ተግባሩን በተራ ቋንቋ በሚያስረዳው ማብራሪያና በግብዓት ስኪማው ነው። ስኪማ ማለት መሣሪያው የሚቀበላቸውን ግብዓቶች፣ የእያንዳንዳቸውን ዓይነት እና የትኞቹ የግድ መሞላት እንዳለባቸው የሚደነግግ ዝርዝር ነው። ስኪማው የቅርጽን ስሕተት ይከላከላል እንጂ የትርጉምን ስሕተት ሊከላከል አይችልም፤ ይህን ክፍተት የሚሞላው ማብራሪያው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሕክምና ቀጠሮ የሚይዝ መሣሪያ ቢሠራና ስኪማው «ቀን» እና «ሰዓት» የሚሉ ሁለት የጽሑፍ ግብዓቶችን ብቻ ቢጠይቅ፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። 1/1/2017 የሚለው ጽሑፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የዘመን መለወጫን፣ ማለትም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024ን ሲያመለክት፣ በጎርጎርዮሳዊው ከተነበበ ግን ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ይመልሳል። «ጠዋት 3 ሰዓት» የሚለውም በ24 ሰዓት አቆጣጠር 09:00 መሆኑ ቀርቶ 03:00 ተብሎ ሊላክ ይችላል፤ ስኪማው ሁሉንም ያለ ተቃውሞ ይቀበላል፣ ታካሚው ግን ቀጠሮውን ያጣል። ማብራሪያው ቀኑ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር፣ በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል፣ 2024-09-11 ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ሰዓቱም በአዲስ አበባ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ ተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረም አስቀድሞ መለወጥ እንዳለበት ቢገልጽ ኖሮ ኤጀንቱ የሚገምተው ነገር አይኖርም ነበር።

ጥሩ መግለጫ መሣሪያው መቼ እንደሚያገለግል ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማያገለግልም ይናገራል፤ በተለይ ተቀራራቢ ተግባር ያላቸው ሁለት መሣሪያዎች ሲኖሩ የእያንዳንዳቸው ድንበር በግልጽ ካልተለየ ኤጀንቱ አንዱን በሌላው ቦታ ይጠራል። የስሕተት መልእክትም የመግለጫው ቅጥያ ነው፤ «ስሕተት 400» የሚል መልስ ኤጀንቱን ያንኑ ጥሪ ወደ መደጋገም ሊመራው ሲችል፣ «የተላከው ቀን አልፏል፤ ከዛሬ በኋላ ያለ ቀን ይላክ» የሚል መልስ ግን ጥሪውን እንዲያርም ያስችለዋል። ፕሮቶኮሉ አንድ መሣሪያ መረጃ የሚያነብ ብቻ ወይም የሚያጠፋ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶችም አሉት፤ እነዚህ ግን ጥቆማ ብቻ ስለሆኑ፣ ሊመለስ ለማይችል ድርጊት የተጠቃሚውን ፈቃድ የሚጠይቅ ቁጥጥር በሶፍትዌሩ ውስጥ መኖር አለበት።

ግልጽነት ማለት ግን ርዝመት አይደለም። ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊያነበው የሚችለው የጽሑፍ መጠን የተወሰነ ሲሆን፣ የመሣሪያዎቹ መግለጫዎች ሁሉ ከዚሁ መጠን ላይ ስለሚቀነሱ፣ ለውሳኔ የማይረዳ ዐረፍተ ነገር ለሥራው የሚያስፈልገውን ቦታ ይሻማል። የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚረዳ የሚታወቀው ደግሞ በፈተና ነው፤ እውነተኛ ተጠቃሚዎች የሚጠይቋቸውን ዓይነት ሥራዎች ለኤጀንቱ ሰጥቶ የትኛውን መሣሪያ በምን ግብዓት እንደጠራ መዝገቡን ማንበብ፣ በተደጋጋሚ በሚሳሳትበት ቦታም ሞዴሉን ከመውቀስ በፊት መግለጫው ምን እንዳልተናገረ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የፕሮግራም አዋቂውንም የጸሐፊውንም ትጋት የሚጠይቅ ነው፤ መግለጫው የዘለለው ነገር ዞሮ ዞሮ ዋጋ የሚያስከፍለው ኤጀንቱን ሳይሆን ጉዳዩን ያስያዘውን ሰው ነውና።