መምህርና ጡረታ፤ መቼ? ከዚያስ በኋላ?

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መጦር ማለት ጉልበቱ የደከመውን ሰው ማብላት፣ ማልበስና መንከባከብ ነው። ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚሉትም ስለዚህ ነው። በቀድሞው ኑሮ ጧሪው ልጅ ነበረ። ገበሬ ከሥራ የሚወጣበት ቀን ተቆርጦ አይሰጠውም፤ ጉልበቱ ሲቀንስ እርሻውን ለልጁ ይለቅና እርሱ ከብት መጠበቁን፣ አጥር ማጠሩንና ሽምግልናውን ይይዛል። የደመወዝ ሠራተኛ ግን ዛሬ ሙሉ ቀን ሲሠራ ውሎ በማግሥቱ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ጧሪውም ከልጁ ይልቅ ራሱ ለዓመታት ያዋጣው ገንዘብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። አንደኛው፣ መምህር ጡረታ የሚወጣበትን ጊዜ በምን መዝኖ ይወስናል? ሁለተኛው፣ ከወጣ በኋላስ አዲሱን ኑሮ እንዴት ይለምዳል? ነገሩ ለሽማግሌዎች ብቻ የሚነገር አይደለም። የ25 ዓመት ወጣት መምህር ዛሬ የሚያደርገው ነገር የ60 ዓመቱን ኑሮ በከፊል ይወስናል፤ ለተማሪዎችም ቢሆን የወላጆቻቸው ጉዳይ ነው።

የዕድሜው ገደብ ከየት መጣ?

ሰው በተወለደ በ60 ዓመቱ ሥራ ማቆም አለበት የሚል የተፈጥሮ ሕግ የለም። ቁጥሩን የሚያወጡት መንግሥታት ናቸው። ጀርመን በመራሔ መንግሥት ኦቶ ፎን ቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1889 የእርጅና መድን ሕግ ስታወጣ ዕድሜው 70 ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ወደ 65 ዝቅ ተደረገ። ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የመንግሥት ሠራተኞቿን የመጦሪያ ዕድሜ ከ55 ወደ 60 ከፍ አድርጋለች።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በድንጋጌ ቁጥር 46/1953 ተቋቁሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጸንቷል። የግል ድርጅት ሠራተኞች፣ የግል ትምህርት ቤት መምህራንም ጭምር፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ሁለቱም ሕጎች በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አዋጆች ተተክተዋል። የመጦሪያው ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 60 ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። 60 ዓመት ለመሥሪያ ቤቱ አሠራር የተቀመጠ ገደብ እንጂ የሰው ችሎታ መለኪያ አይደለም። በ60 ዓመቱ ገና ብርቱ የሆነ መምህር አለ፤ በ54 ዓመቱ ድምፁ የተዘጋና ጉልበቱ ያለቀም አለ።

አበሉ እንዴት ይሰላል?

ሠራተኛው ከደመወዙ በመቶ 7፣ አሠሪው ደግሞ በመቶ 11 በየወሩ ያዋጣሉ። በመጦሪያ ዕድሜ ላይ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስሌቱን እንዲህ አስቀምጦታል፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ በመቶ 30 ይታሰባል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት በመቶ 1.25 ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን በመቶ 70 አያልፍም።

የሒሳብ መምህራን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጽፉት ጥሩ መልመጃ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት መምህርት በ22 ዓመቷ ተቀጥራ በ60 ዓመቷ ብትወጣ አገልግሎቷ 38 ዓመት ይሆናል። ከ10 በላይ ያለው 28 ሲሆን በ1.25 ሲባዛ 35 ይመጣል፤ 30 ሲደመርበት በመቶ 65 ይሆናል። አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር ነው ብንል የወር አበሏ 6,500 ብር ነው። በ55 ዓመቷ፣ በ33 ዓመት አገልግሎት ብትወጣ ግን በመቶ 58.75፣ ማለትም 5,875 ብር ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «ልዩነቱ 625 ብር ብቻ ነውና ልውጣ» ይላል። ነገር ግን ትልቁ ልዩነት የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። በ55 ዓመቷ የወጣችው መምህርት ለቀጣዮቹ 5 ዓመታት የምታገኘው በወር 5,875 ብር ሲሆን፣ ብትቆይ ኖሮ ደመወዟ ግብርና መዋጮ ሳይቀነስ 10,000 ብር ነበረ። በየወሩ 4,125 ብር፣ በ60 ወር ደግሞ 247,500 ብር ይጎድላታል ማለት ነው። ስለዚህ ቀድሞ መውጣት የሚመዘነው በመቶኛው ሳይሆን በሚቀረው ደመወዝ ነው።

ሁለተኛው ልብ የሚባል ነገር የ3 ዓመቱ አማካይ ነው። የደመወዝ ጭማሪ በተደረገ በዓመቱ የሚወጣ ሰው ጭማሪውን በአበሉ ውስጥ የሚያገኘው በከፊል ነው። ደመወዙ ለሁለት ዓመት 9,000፣ ለመጨረሻው ዓመት 10,500 ብር ከነበረ አማካዩ 9,500 ይሆናል፤ በመቶ 65 ሲሰላ 6,175 ብር ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢሆን በዚሁ መቶኛ እንኳ 6,825 ብር ያገኝ ነበረ። የ650 ብሩ ልዩነት በየወሩ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

ያው አዋጅ ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅ፣ መጦሪያ ዕድሜው ሊደርስ 5 ዓመት ሲቀረው አበል እንዲጀመርለት ያደርጋል። ይሁን እንጂ ማንም መምህር የመልቀቂያ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ሕግና የራሱን ስሌት ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማግኘት አለበት። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚወራ ስሌት ለእንዲህ ያለ ውሳኔ አይበቃም።

ለውሳኔው አራት መመዘኛዎች

ሀ. ጤና። መምህርነት ቀኑን ሙሉ የሚያስቆምና የሚያናግር ሥራ ነው። ጕሮሮ፣ እግር፣ ወገብና የደም ግፊት ቀድመው ይናገራሉ። ሐኪም «ቀንስ» ያለው ሰው ለጥቂት መቶ ብር ብሎ ጤናውን ማጣት የለበትም። ሕመሙ ከሥራ የሚያስወጣ ከሆነም በጤና ጉድለት የሚሰጥ አበል መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል።

ለ. ዕዳና ልጆች። ያልተከፈለ የቤት ብድር ወይም ገና ትምህርት ያልጨረሰ ልጅ ያለው ሰው፣ በመጀመሪያ «ዕዳዬ የሚያልቀው መቼ ነው?» ብሎ ቀኑን መጻፍ አለበት። አበሉ በብር የተወሰነ ነው፤ የጤፍና የዘይት ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር አበሉ የሚጨምረው መንግሥት ማስተካከያ ሲያደርግ ብቻ ነው።

ሐ. ሥራው ራሱ። አንዳንዱ ሰው የሰለቸው ማስተማሩን ሳይሆን 70 ተማሪ የታጨቀበትን ክፍል፣ የዕርማቱን ክምር ወይም ከአለቃው ጋር ያለውን ንትርክ ነው። ይህ ከሆነ ክፍለ ጊዜ መቀነስ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት መዛወር ወይም ትምህርት ቤት መለወጥ ሊበቃው ይችላል።

መ. የሚሄዱበት ነገር። «ከምን እሸሻለሁ?» ከሚለው ይልቅ «ወዴት እሄዳለሁ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ሰኞ ጧት የት እንደሚውል አስቀድሞ መናገር የማይችል ሰው ለመውጣት ገና አልተዘጋጀም።

ሰነድ አስቀድሞ ይታይ

የሠራተኛ ዕድሜ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። በወጣትነት በግምት የተጻፈ ዘመን ከ35 ዓመት በኋላ ሰውን ሲያስደነግጥ ይታያል። ስለሆነም ማንኛውም መምህር ቢያንስ 5 ዓመት ሲቀረው የግል ማኅደሩን ጠይቆ ማየት አለበት። ስሙ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነው? ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው፣ ከመንግሥት ወደ ግል ትምህርት ቤት የተዛወረበት ማስረጃ አለ? የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ ተያይዟል? እነዚህ የሚጠቅሙት ለራሱ ብቻ አይደለም። መምህሩ ቢሞት ባል ወይም ሚስት የአበሉን በመቶ 50 እንዲያገኙ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ማስረጃ የሌለው ጋብቻ ግን ሐዘንተኛውን ቤተሰብ በየቢሮው ያንከራትታል።

ከመጨረሻው ደወል በኋላ

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት አችሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ጡረታ የአንድ ቀን ነገር ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚታለፍ ጉዞ መሆኑን ገልጿል። በመጀመሪያ የጫጉላ ጊዜ የሚመስል ደስታ ይመጣል፤ ከዚያ መሰላቸትና ቅሬታ ሊከተል ይችላል፤ ቀጥሎ ሰው ኑሮውን እንደገና ያደራጅና ይረጋጋል። ሁሉም ሰው ሁሉንም ደረጃ አያልፍም፤ ቢሆንም ቅሬታው ሲመጣ «ይህ የሚታለፍ ነው» ብሎ ማወቅ ትልቅ መጽናኛ ነው።

መምህርን በተለይ የሚከብደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለዓመታት ቀኑን የከፈለለት ደወል የለም። ሁለተኛ፣ ዘወትር የሚሰሙት ሰዎች የሉም፤ በቤት ውስጥ ያሉትን እንደ ተማሪ ማዘዝ ሲጀምር ጠብ ይነሣል። ቤቱን ለ30 ዓመት ያስተዳደረች ባለቤት የወጥ ቤቷን አሠራር የሚያርምላት ሰው አትሻም። ሦስተኛ፣ የሥራ ጓደኞች ቀስ በቀስ ይርቃሉ።

መድኃኒቱ ቀላልና የታወቀ ነው። በቋሚ ሰዓት መነሣትና በእግር መሄድ፤ ለሳምንቱ የራስን የሰዓት ድልድል ማውጣት፤ ከባለቤትና ከልጆች ጋር የቤቱን ሥራ ተነጋግሮ መከፋፈል ነው። በእድር ውስጥ መዝገብና ሒሳብ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። ጎልማሶችን ማስተማር፣ የሰፈር ልጆችን በሒሳብና በቋንቋ መርዳት፣ ጓሮ ካለ አትክልት ማልማት፣ በገጠርም ንብ ማነብ የተሞከሩ ሥራዎች ናቸው። ከፕሮቪደንት ፈንድ ወይም ከቁጠባ በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ እጁ የገባ ሰው ግን ቀድሞ ሠርቶት በማያውቀው ንግድ ላይ ሁሉንም እንዳያፈስስ እንመክራለን። ንግድ መሞከር ያለበት ደመወዝ ገና ሳለ፣ በትንሽ ገንዘብ ነው።

የትምህርት ቤቱና የተማሪዎች ድርሻ

ብዙውን ጊዜ ስንብቱ ጋቢ በማልበስና የምስክር ወረቀት በመስጠት ያበቃል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ግን አይበቃም። በመጨረሻው ዓመት አንጋፋውን መምህር ከአንድ ጀማሪ ጋር ማጣመር፣ የማስተማሪያ ማስታወሻዎቹንና የሠራቸውን መርጃ መሣሪያዎች በቤተ መጻሕፍት ማኖር፣ ከወጣም በኋላ ለክርክር ዳኝነትና ለወላጆች ስብሰባ መጥራት ምንም ወጪ የለውም። 30 ዓመት የተከማቸ የማስተማር ልምድ ከሰውየው ጋር በበሩ ወጥቶ ሲሄድ የሚጎዳው ትምህርት ቤቱ ነው። ተማሪዎችም ያስተማሯቸውን ጡረተኛ መምህር በበዓል ቀን ቤታቸው ሄደው ቢጠይቁ፣ መጦር የሚለው ቃል የጥንት ትርጉሙን አያጣም።

በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ገና 15 ወይም 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። ይህ አንድ ሕፃን ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ለአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የትምህርት ዕቅድ የሚያዘጋጅ መምህር ለእነዚህ ዓመታት ዕቅድ ሳያወጣ ሊገባባቸው አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ መምህር በዚህ ወር አንድ ወረቀት ወስዶ የተቀጠረበትን ዓመት፣ የሚወጣበትን ዓመት፣ የሚጠብቀውን መቶኛና በመጀመሪያው ሰኞ የሚሠራውን ሥራ ይጻፍ እንላለን።