መብራቱ ዝቅ ይበል፦ ስለ ቤት ውስጥ ሳውና ተረትና እውነታ

አዲስ አበባ ለሙቅ መታጠቢያ እንግዳ አይደለችም፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ከተማ እንዲቆረቆር ያደረጉት በ1879 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከአምስት ኪሎ እስከ ፒያሳ «ስቲምና ሳውና» የሚል ማስታወቂያ በሆቴልና በውበት ሳሎን በር ላይ የተለመደ ነው። አቅሙ ያለው ደግሞ ሰርቪሱን ወይም የመታጠቢያ ቤቱን ጥግ በጣውላ አስለብጦ የራሱን ያሠራል። ምድጃው በጥንቃቄ ይመረጣል፣ እንጨቱም እንዲሁ፤ መብራቱ ግን ቤት ካለቀ በኋላ እንደሚገዛ መጋረጃ መጨረሻ ላይ ይታሰባል። ከዚህ ችላ ማለት በስተጀርባ አንድ እምነት አለ፦ ለደኅንነት የሚሆነው መብራት ሌላ፣ ለዓይን የሚያምረው ሌላ ነው የሚል። እኔ የምከራከረው ለተቃራኒው ነው። በሳውና ውስጥ ለመብራት አስተማማኙ ቦታ ለዓይንም የሚስማማው ቦታ ነው፤ እሱም ዝቅ ያለው ነው።

«ውሃ የማያስገባ ከሆነ ሳውናን ይችላል» ከሚለው እንጀምር። በመብራቱ ካርቶን ላይ የሚጻፈው አይፒ 65 ወይም አይፒ 67 የሚናገረው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ። ስለ ሙቀት ምንም አይልም። ለስቲም ክፍል ይህ ቁጥር ትልቅ ዋጋ አለው፤ እዚያ እርጥበቱ መቶ በመቶ ቢጠጋም ሙቀቱ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሳውና ግን በላይኛው መቀመጫ ከፍታ አየሩ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል። አምስት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ የተሰቀለ መብራት የሚውለው ከሚፈላ ውሃ በማይተናነስ ሙቀት ውስጥ ነው። «ኤልኢዲ እኮ አይሞቅም» የሚል ይኖራል። ብርሃኑ አያቃጥልም፤ ነገር ግን ከኋላው ያለው ድራይቨር ኤሌክትሮኒክስ ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ብዙውን ጊዜ የተሠሩት እስከ 85 ወይም እስከ 105 ዲግሪ እንዲችሉ ሲሆን፣ የራሳቸውን ሙቀት የሚያስወጡበት ቀዝቀዝ ያለ አየር ይፈልጋሉ። ከፍታችን ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚመዘነው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ እዚህ ያለው ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። ድራይቨሩ ከክፍሉ ውጭ መቀመጥ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60364-7-703 የተባለው ደረጃ የሳውናን ክፍል በቀጠና ይከፍለዋል። ከምድጃው ዙሪያ ግማሽ ሜትር ውስጥ ከምድጃው ዕቃ በቀር ምንም አይገባም። በቀረው ክፍል ከወለል 1 ሜትር በላይ የሚገጠም ዕቃ 125 ዲግሪ፣ የሽቦው ልባስ ደግሞ 170 ዲግሪ መቋቋም ይኖርበታል። ከ1 ሜትር በታች ግን ሙቀትን በተመለከተ የተለየ ግዴታ የለም፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ታችኛው ክፍል ቀዝቀዝ ይላልና። አሁን ይህንኑ ቦታ በተጠቃሚው ዓይን እንየው። ሳውና ውስጥ ሰው ይጋደማል፤ ጣሪያ ላይ ያለ አምፖል በቀጥታ ዓይኑን ይወጋዋል። ከመቀመጫው ሥር የተደበቀ፣ 2,700 ኬልቪን ወይም ከዚያ ያነሰ ሞቅ ያለ ቀለም ያለው ብርሃን ግን የእንጨቱን መልክ ያወጣዋል፣ ምንጩ ራሱ አይታይም። «ደብዘዝ ካለ ሰው ይሰናከላል» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ይሁንና የሚያሰናክለው ደረጃውና እርጥቡ ወለል ነው፤ ዝቅ ያለው መብራት የሚያበራው ደግሞ እነዚህኑ ነው። የምድጃው ጠርዝ መታየቱን ብቻ ማረጋገጥ ያሻል።

«ብሬከር አለኝ» የሚለው መተማመን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። 16 አምፔር የሚለው ብሬከር፣ ላብ ባጠመቀው ሰውነት ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ጅረት ሲያልፍ ዝም ብሎ ያያል። ሰውን የሚጠብቀው በ30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ ጅረት የሚያቋርጠው መከላከያ ነው። በአራዳ አሮጌ ቤቶች የምድር መስመር ያልተዘረጋላቸው ስላሉ ሳውና ከማሠራት በፊት ይህ ይፈተሽ፤ የምድር መስመር ካለ ፍሳሽ ያለበትን ዕቃ ሰው ከመንካቱ በፊት መከላከያው ያቋርጣል፣ ከሌለ ግን የሚያቋርጠው ሰው ከነካው በኋላ ነው። «እኔ የማስገባው 12 ቮልት ነው» ማለትም መልካም ነው፤ የመነዘር አደጋውን እጅግ ይቀንሳል። ሆኖም ትራንስፎርመሩ በሌላ ጎኑ 220 ቮልት ስለሆነ ውጭ ይቀመጥ። በተጨማሪም 24 ዋት በ12 ቮልት ሲሠራ 2 አምፔር ይስባል፣ በ220 ቮልት ከሚስበው 18 እጥፍ። ላላ ያለ መጋጠሚያ በዚህ ጅረት ይግላል፤ ዙሪያው ደግሞ የደረቀ ጣውላ ነው።

ቀለም የሚቀያይር መብራት ይፈውሳል የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። ቢጫ በሽታ የያዛቸው ጨቅላ ሕፃናት በሰማያዊ ብርሃን መታከማቸው እውነት ነው፤ ግን የሞገዱ ርዝመት፣ ኃይሉና ሰዓቱ በሐኪም የተለካ ነው። የሳውና ቀለም ለደስታ ይሁን፤ ለሕክምና ተብሎ ገንዘብ አይከፈልበት።

መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበቃል የሚለው ቀረ። የፓራፊን ሻማ ከ50 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይለሰልሳል፤ በሳውና ሙቀት ቀልጦ ይጋደማል፣ እሳቱም እንጨት ላይ ነው። ቻርጅ የሚደረግ መብራትም ሆነ ስልክ ብዙውን ጊዜ የሊቲየም ባትሪ ስላላቸው ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ለአብዛኞቹ ባትሪዎች የተፈቀደው ጣሪያ 60 ዲግሪ ገደማ ነው። የመብራት መጥፋት ግን ችላ ሊባል አይገባም፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ምድጃው ቢጠፋም ድንጋዮቹ ለረጅም ጊዜ እንደጋሉ ይቆያሉ፣ ሰውየውም አጠገባቸው በጨለማ ይቀራል። ስለዚህ በሩ መስታወት ይሁን፣ ወደ ውጭ በመግፋት ብቻ ይከፈት፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በራሱ የሚበራው መብራትም ከበሩ ውጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በመስታወቱ በኩል ወለሉን ያብራ።