ሥዕሉ ምን ይላል?

ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚጠራበት ስም ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍን መልእክት ያስታውሳል። በነፋስ የሚጓዝ ድምፅ ሥዕልን አይሸከምም። ስለዚህም የእግር ኳስ ጨዋታን በራዲዮ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ «ግሩም ነው!» ብሎ ቢያቆም አድማጩ ምንም አላገኘም፤ ኳሷን ማን እንደ መታት፣ ከየት ወደ የት እንደ ሄደች ሊነገረው ይገባል። በኮምፒዩተር የሳይንስ ዘገባ የሚጽፍ ተማሪም ተመሳሳይ ኃላፊነት አለበት።

እንበልና የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ ክፍለ ከተማውን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል በሚወርደው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ላይ ያደረጉትን ጥናት በማርክዳውን ጻፉ። ማርክዳውን አሜሪካዊው ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት ሲሆን፣ ርዕስን በ# አጽንዖትን በኮከብ ምልክት እያመለከቱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ለማዘጋጀት ያስችላል። ፋይሉ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ በደካማ መስመርም ቢሆን በቀላሉ ይላካል። ሥዕል በጽሑፉ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው፦

![መግለጫ](የሥዕሉ ፋይል ስም)

በካሬ ቅንፉ ውስጥ የሚጻፈው ቃል ሥዕሉን ለሚያይ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ አይታየውም። ዓይነ ስውር የሆነ አንባቢ ግን ከሥዕሉ የሚደርሰው ይኸው ቃል ብቻ ነው። ለምሳሌ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ሲሆን፣ በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ሥዕል ላይ ሲደርስ መግለጫውን ያሰማል፤ ቅንፉ ባዶ ከሆነ ግን ሥዕሉን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። አድማጩም አንድ ነገር እንዳመለጠው እንኳ አያውቅም።

«ግራፍ 1» ብሎ መጻፍ «ግሩም ነው!» ብሎ እንደ መጮኽ ነው። «የሟሟ ኦክስጅን መጠን ከላይኛው የናሙና ቦታ ወደ ታችኛው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ትልቁ ቅነሳ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቦታ መካከል ነው» ቢባል ግን አንባቢው በግኝቱ ላይ ሊከራከር ይችላል። የመስመሩ ቀለም ሰማያዊ መሆኑ ለዚህ ክርክር አይጠቅምም።

ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ከዋና ከተማችን ብዙም ሳይርቅ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። እንደሚታወቀው በአገራችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በአብዛኛው ወደ ሕግና ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ያመራሉ። ለዚህ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ የተፈጥሮ ሳይንስ በሥዕልና በግራፍ የተሞላ መሆኑ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን እንቅፋቱ ሥዕሉ ሳይሆን ሥዕሉን በቃል ለመግለጽ አለመድከማችን ነው።

ሌላው ቁም ነገር ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ ጽሑፉ የሚናገር መረጃ ነው። በፋይሉ አናት ላይ በሦስት ሦስት ሰረዞች ተከልሎ ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ ቀንና ቋንቋ ይሰፍራል። ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚበልጠው ቋንቋው ነው። ፊደላችንን ግእዝ፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ሌሎችም ስለሚጋሩት ማሽኑ ፊደሉን በማየት ብቻ ቋንቋውን በእርግጠኝነት ሊለይ አይችልም። የአማርኛ ዓለም አቀፍ መለያ ሁለቱ የላቲን ፊደላት «ኤ» እና «ኤም» ናቸው። ይህ መለያ ከተጻፈ፣ ፓንዶክን የመሰለ መለወጫ ፕሮግራም ወደ ድረ ገጹ ያሻግረዋል፤ የንባብ ፕሮግራሙም የአማርኛ ድምፅ ካለው ወደዚያ ይዞራል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ከማካተቱ በፊት በተሠሩት የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችን ግን ሜታዳታ አያድናቸውም። ፊደሎቹ በላቲን ኮድ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው።

የቀን ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። በመስከረም 2010 ዓ.ም. የተጻፈ ዘገባ «2010» ተብሎ ቢመዘገብ፣ ማሽኑ ቁጥሩን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሚረዳው ዘገባው ሰባት ዓመት ያረጃል።

ሁሉም በትክክል ተሞልቶ እንኳ ድምፁ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል። «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፊደሉ በላይ የሚቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት ጨምሮልናል፤ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ የሚጠቀምበት ግን እምብዛም አይገኝም።