የተወጋ አይረሳም፦ የውስጥ ቁስልን የሚያውቅ ባለሙያ ለጅማና ለቡና ከተሞቿ

ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገድ ጅማ ከመድረሱ በፊት በግልገል ጊቤ አካባቢ ያልፋል። ብዙ ሰው ቦታውን የሚያውቀው 184 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው ግድብ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን በሌላም ያውቁታል። ዩኒቨርሲቲው በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግድቡ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የመስክ ምርምር ማዕከል አቋቁሟል። መዝጋቢዎቹም ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ከቤት ቤት ሲዞሩ ኖረዋል።

በዚሁ አካባቢ የጅማ ተመራማሪዎች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከአንድ ሺህ በላይ ወንዶችን ስለ ጫት ጠየቁ። ስንት ጊዜ ትቅማለህ? ምን ያህል? ከዚያም ሌላ ጥያቄ አከሉ፦ በሕይወትህ ምን ክፉ ነገር ደርሶብሃል? ውጤቱ በ2017 ‹ወርልድ ሳይካትሪ› በተባለው መጽሔት ወጣ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ይከታተለኛል ብሎ መጠርጠርና የመሳሰሉት ምልክቶች ከጫት ጋር ተያይዘው ተገኙ። ዝምድናው የጠነከረው ግን ቀድሞ ክፉ ነገር በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ጥናት የቱ የየትኛው መንሥኤ እንደሆነ ለብቻው አይበይንም። ለረጂ ባለሙያ ግን ትልቅ ነገር ይነግረዋል፦ ስለ ጫቱ ብቻ የጠየቀ ሰው የታካሚውን ግማሽ ታሪክ አልሰማም።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሸቤ ይህ ግማሽ ታሪክ በየቀኑ ሳይሰማ ይቀራል። እንቅልፍ ያጣ ወጣት ጤና ጣቢያ ሄዶ “ጫትህን ተው” ተብሎ ይመለሳል። ትምህርት ቤት የምትደነብር ልጅ “ትኩረት የላትም” ትባላለች። ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ራሷን ሲያማት፣ ደረቷን ሲወጋት፣ ማስታገሻ ተሰጥቷት ትሸኛለች። ከመለሷቸው ሰዎች ማንም ክፉ አላሰበባቸውም። ማንም ግን አልጠየቃቸውም።

አማርኛችን በዚህ ነገር ከእኛ ቀድሞ የነቃ ይመስለኛል። ጠባዩ የተለወጠብንን ሰው “ምን ነካህ?” እንለዋለን። ቃሉ ከአፋችን የሚወጣው ተግሣጽ ሆኖ ነው፤ መልስም አንጠብቅበትም። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ግን ትክክለኛው ጥያቄ እርሱ ነው፦ ምን ነክቶሃል? ምን ደርሶብሃል? ‹ትራውማን (የውስጥ ቁስልን) ያገናዘበ› የሚባለው የምክርና የእርዳታ ሥልጠና ብዙ ገጽ ቢኖረውም፣ መነሻው ይህን ጥያቄ ከተግሣጽ አውጥቶ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ማድረግ ነው።

ቁስሉ ከየት ይመጣል

ቡና አብቃይ አገር ሲባል ደን፣ ጥላና ጀበና ይታየናል። ይህም እውነት ነው። ከዚሁ ጎን ሌላ እውነት አለ። በ2006 በጎማ ወረዳ በሻሻ፣ በ2011 ደግሞ በአሰንዳቦና አካባቢው የሃይማኖት ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፤ በ2011ዱ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ሺዎች ከቤታቸው ሸሽተዋል። ያን ቀን ያዩ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ከፊሎቹ መምህር፣ ከፊሎቹ ነርስ፣ ከፊሎቹ ቡና ነጋዴ ሆነዋል።

የጅማ ዞን ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ዓረብ አገር ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ቤተሰብ የሚጠብቀው ገንዘብ ነበር። እነርሱ ይዘው የመጡት እስር ቤቱን፣ ዱላውንና ለማንም የማይነገረውን ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ቁስል ግን ከቤት አይወጣም። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሲጠይቅ፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከሦስት ሴቶች አንዷ ማለት ነው። በዚያው ጥናት 63 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ባል ሚስቱን ሊመታ የሚገባበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለዋል። “ሆድ ይፍጀው” የሚለው አባባል ስንቱን እንደሸፈነ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይታያል።

በዚህ ላይ የአገሪቱ መከራ አለ። በ2018 ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት 2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል ተመዝግቦባት ከዓለም አንደኛ ሆነች፤ በ2021 ቁጥሩ ከ5 ሚሊዮን አለፈ። ሰው ሲሸሽ ወደ ዘመድ፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ሰላም ይሄዳል። ትዝታውንም ይዞ ይሄዳል። “እባብ ያየ በልጥ በረየ” ያሉት አባቶቻችን አደጋው ካለፈ በኋላ አካል ለምን እንደሚደነግጥ ከማንኛውም የሕክምና መጽሐፍ በፊት አስተውለዋል።

መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ መከራ ያየ ሁሉ ታማሚ አይደለም። በ2001 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከኤርትራ ተፈናቅለው በአዲስ አበባ መጠለያዎች ይኖሩ ከነበሩት ውስጥ ‹ድኅረ አደጋ ጭንቀት› በሚባለው ሕመም የተያዙት 15.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ያ ሁሉ ከደረሰባቸው በኋላ እንኳ አብዛኞቹ ሚዛናቸውን ይዘው ኖረዋል። ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ እድር፣ ጸሎትና ሰላት በሰው ሕይወት ውስጥ የሚሠሩትን ሥራ ማንም ሠልጣኝ መናቅ የለበትም። የባለሙያው ድርሻ ሁሉንም ሰው ሕመምተኛ ማለት አይደለም፤ የበረታውን አለማቁሰል፣ የወደቀውን ደግሞ ማወቅ ነው።

ሥልጠናው ምን ያስተምራል

የዚህ አሠራር ሥር በብዙ አገር ተዘርግቷል። በአሜሪካ ሳንዲያጎ ተካሂዶ በ1998 የታተመው የፌሊቲና የአንዳ ጥናት በልጅነት የደረሰ መከራ በጎልማሳነት ከሚመጣ የልብና የሳንባ በሽታ፣ ከሱስና ከድብርት ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በ2014 ደግሞ የዚያው አገር የሱስና የአእምሮ ጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሐሳቡን ወደ አሠራር ለውጦ አራት ተግባር አስቀመጠ፦ የቁስሉን ስፋት መረዳት፣ ምልክቱን መለየት፣ አሠራርን በዚያ መሠረት መለወጥ፣ ተረጂውን ዳግም አለማቁሰል።

አራተኛው ሊተኮርበት ይገባል። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” እንላለን። ተገልጋይዋ የመጀመሪያውን ወጊ ሸሽታ መጥታ ሁለተኛውን በእርዳታ መስጫው ውስጥ ልታገኘው አይገባም። ሁለተኛው መውጋት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ይመስላል። የተደፈረችን ልጅ ከካርድ ክፍሉ ጀምሮ በየመስኮቱ ታሪኳን ማስደገም ነው። ሳይነግሩ መንካት፣ ሳያስፈቅዱ በሩን መዝጋት ነው። የጉዳይዋን ዓይነት ሰልፈኛው እየሰማ መጥራት ነው። በአፋን ኦሮሞ የምታስብን ሴት ዘመዷን አስተርጓሚ አድርጎ ስለ ባሏ መጠየቅ ነው። በበሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ድምፁን ከፍ ማድረጉም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ የሚለየው በሚጠቅሰው ቃል ሳይሆን በሚያደርገው ነው። ወንበሩን ተገልጋይዋ በሩን ማየት በምትችልበት ያኖራል። “አሁን ይህን አደርጋለሁ፤ በማንኛውም ሰዓት አቁም ማለት ትችያለሽ” ይላል። ታሪኳን አይቆሰቁስም፤ እስከምትፈልገው ድረስ ብቻ ይከተላታል። ቅዠትን፣ ድንገተኛ ቁጣን፣ መደንዘዝን፣ የሕፃንን አልጋ ማርጠብን እንደ ጠባይ ጉድለት ሳይሆን እንደ ምልክት ያነባል። አቅሙን ያለፈውንም ወዴት እንደሚልክ ያውቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ መንገዱን በሦስት ቃላት ይገልጸዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ድርጅቱ በ2013 ደግሞ ከባድ ድንጋጤ በደረሰ በመጀመሪያው ወር እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማረጋጊያ መድኃኒቶች የጭንቀቱን ምልክት ለማከም እንዳይሰጡ መክሯል። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው ተቀምጦ ሁሉንም እንዲተርክ ማድረግም አይመከርም። በቅን ልብ የሚደረጉ፣ ግን የማይጠቅሙ ነገሮች መኖራቸውን ማወቅ ራሱ የሥልጠናው ክፍል ነው።

ከአማኑኤል እስከ ጅማ

አገራችን ባለሙያ ማፍራት የጀመረችው ዘግይታ ነው። ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። በዚያ በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተቻለው በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሕር መሻገር የግድ ነበር። ጅማም የራሷን ድርሻ ይዛ ክሊኒክንና ማኅበረሰብን ያጣመረ የአእምሮ ጤና ማስተርስ ከፍታ፣ ተመራቂዎቿ ወደ ክልል ሆስፒታሎች ወጥተዋል። ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያላት ትብብርም ምርምሩን አጠናክሮላታል።

ይሁን እንጂ ተገልጋይዋ መጀመሪያ የምታገኘው እነዚህን ባለሙያዎች አይደለም። የምታገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የቀበሌውን ፖሊስ፣ የትምህርት ቤት አማካሪውን፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያውን፣ ሼኹን ወይም ቄሱን ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሴት ሠራተኞች መድቦ፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አደራ ሰጥቷቸዋል። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ወባ ሁሉ በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው። በር ያንኳኳሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ እንባ የቋጠረ ዓይን ያያሉ። ካዩ በኋላ ምን እንደሚሉ ያስተማራቸው ሰው ካለ ጥቂት ነው።

አዳራሽ አይበቃም

የዚህ ዓይነት ሥልጠና በአገራችን የተለመደ መልክ አለው። በሆቴል አዳራሽ ጥቂት ቀናት፣ ስላይድ፣ የቡድን ውይይት፣ አበል፣ የምስክር ወረቀት፣ የጋራ ፎቶግራፍ። ከዚያ ሠልጣኙ ወደ ኬላው ይመለሳል፤ የመጀመሪያዋ ከባድ ጉዳይ ስትመጣ ብቻውን ነው። መደወያ የለውም፣ የሚያየው የለም፣ የተሳሳተውን የሚያርመው የለም። ክህሎት በመስማት አይገባም፤ እየሠሩ በመታረም ነው የሚገባው። መርፌ መውጋትን በስላይድ ብቻ የተማረ ነርስ አናምንም። የተሰበረ ልብ ማዳመጥንም እንዲሁ ልናይ ይገባል።

ለዚህ ጅማ ከሌሎች ይልቅ የተመቸች ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ከጥንስሱ ጀምሮ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ይታወቃል። የተለያየ የጤና ሙያ ተመራቂዎች በአንድነት አጋሮን፣ አሰንዳቦንና ሸቤን ወደመሳሰሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ወርደው አብረው የሚሠሩበት የቡድን ሥልጠና አለው። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። እዚያው ቡድን ውስጥ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ቢታከሉ፣ በየሳምንቱ አንድ ጉዳይ በአስተማሪ ፊት ቢመረመር፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛና ጥበቃ አብረው ቢቀመጡ፣ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድም ልማዱ በጤና ጣቢያው ይቀራል። ቋንቋውም የአካባቢው ይሁን። የውስጥ ሕመም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ካልተነገረ ግማሹ በጉሮሮ ይቀራል።

የሰሚው ልብ

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የማይናገሩት አንድ ነገር አላቸው፤ እነርሱም ይቆስላሉ። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ክፉ ቀን የሰማ ሰው ማታ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ልጆቹ ላይ ይቆጣል፣ ወይም ደንዝዞ የሰው እንባ ምንም የማይለው ይሆናል። የደነዘዘ ባለሙያ ስንፍና ያለበት ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያልታከመ ሰው ነው። ከራሱ ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ ሲመጣበት ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የበላይ ባለሙያ ክትትል፣ ከባልደረባ ጋር በምሥጢር መነጋገሪያ ሰዓት፣ ከከባድ ጉዳይ በኋላ ዕረፍት ቅንጦት አይደሉም፤ ከደመወዝ እኩል የሥራው መሣሪያ ናቸው። ሐኪሙን ያልጠበቀ ቤት በሽተኛውን አይጠብቅም።

ዩኒቨርሲቲዎች፣ የዞኑና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቢሮዎችና ለሥልጠና ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ ስንት ሰው ሠለጠነ ብለው ብቻ አይቁጠሩ። ከሥልጠናው በኋላ በስድስተኛው ወር ስንቱ ሠልጣኝ ክትትል አግኝቷል፣ ስንት ተገልጋይ ታሪኩን አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ እርዳታ አግኝቷል ብለው ይጠይቁ። ገንዘቡም ወደዚያ ይሂድ።

ቀሪው የሁላችን ነው። በቡናው ሰዓት ከረከቦቱ ዙሪያ ዝም ብላ የምትቀመጥ ጎረቤት፣ ከዓረብ አገር መጥታ ከሰው የራቀች እኅት፣ ጫት ላይ የዋለ ወንድም ሲያጋጥመን “ምን ነካህ? ምን ነካሽ?” ከማለት አንመለስ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጠይቅ፤ ጠይቀንም መልሱን እንጠብቅ።