ከቢቸናና ከሞጣ የሚነሱ ቡድኖች የጣና ጉብኝታቸውን በጀልባው ሰዓት መወሰን ይገባቸዋል

ከምሥራቅ ጎጃም ዞን ከቢቸናና ከሞጣ ተነስተው የጣና ሐይቅን ደሴቶች ለመጎብኘት የሚያቅዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በቅድሚያ መወሰን ያለባቸው የጀልባውን መነሻ ሰዓት ነው።

ሞጣ ከባህር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ሲሆን፣ ቢቸና ከሞጣም በስተደቡብ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የታሰበ ጉዞ ተጓዦችን ሐይቁ ላይ የሚያደርሰው ቀትር ሲቃረብ ነው። ጣና ደግሞ በአብዛኛው ማለዳ ላይ ረጋ የሚል፣ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስና ማዕበል የሚበረታበት ሐይቅ ነው። ስለሆነም ባህር ዳር አድሮ በማለዳ መሳፈር ተመራጭ ይሆናል።

የመዳረሻ ምርጫም ጥንቃቄ ይሻል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶችን ስለማያስገቡ ወንዶችና ሴቶች ላሉበት ቡድን አመቺ አይደሉም። በአንጻሩ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የሚገኘው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሁሉም ክፍት ሲሆን፣ ከባህር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ሴቶችን የሚቀበል ቢሆንም፣ ርቀቱ ሙሉ ቀን ይጠይቃል።

አስተባባሪዎች የመንገዱን ወቅታዊ ጸጥታ አስቀድመው ሊያጣሩ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም ከመሳፈር በፊት ሊያረጋግጡ ይገባል። በሐይቁ ዳርቻ የቢልሃርዝያ በሽታ ስጋት ስላለም መዋኘት አይመከርም።