«ወገቡ ለምዷል»፦ ስለ ሸክም የሚባለውና እውነታው

ደብረ ታቦር ላይ ፎቅ የሚሠራበት ግቢ ሁሉ ባሬላ አያጣም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሰው ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው። «ለሁለት ስለሆነ ቀላል ነው» ይባላል።

ሒሳቡ እንዲህ አይልም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ያንኑ የሚያህል ኮንክሪት ግን 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ25 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ኮንክሪት ባሬላ ላይ ሲፈስ 60 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። የባሬላውን ክብደት ሳንቆጥር ለእያንዳንዳቸው 30 ኪሎ፣ በአንድ እጅ 15 ኪሎ ይደርሳቸዋል። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው ጣት ላይ ነው። እጀታ ጨብጦ የቆየ ጡንቻ የራሱን የደም ሥሮች ስለሚጫን ደም እንደ ልብ አያገኝም። ጀርመናዊው ቫልተር ሮመርት እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው የጡንቻውን ሙሉ ኃይል ግማሽ ሳያቋርጥ ሲጠቀም ከአንድ ደቂቃ ብዙም እንደማይዘልቅ አሳይቷል። ባሬላው ደረጃ ላይ ከእጇ ያመለጠ ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ጣቶቿ አቅማቸውን ጨርሰዋል። መፍትሔውም ቁጣ ሳይሆን ባሬላውን አጉድሎ መጫን፣ መንገዱን ማሳጠርና በየምልልሱ እጅ የሚፍታታበት ፋታ መስጠት ነው።

«ከጉልበትህ ሸብረክ ብለህ ካነሳህ ምንም አትሆንም» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ይበልጥ የሚወስነው ሸክሙ ከሰውነት ያለው ርቀት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በሁለት እጅ ለሚነሳ ዕቃ ያስቀመጠው ልክ 23 ኪሎ ነው፤ እሱም ሁሉ ነገር ሲመች፣ ዕቃው ከቁርጭምጭሚት 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲርቅ። ርቀቱ 50 ሲሆን ልኩ ወደ 11.5 ኪሎ ይወርዳል። ወገብን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች ከአከርካሪው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቁ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ፊት ለፊት የተያዘ 20 ኪሎ በ200 ኪሎ ኃይል እንዲጎትቱ ያስገድዳቸዋል። ጭቃ የለበሰ የድንች ጆንያ ልብስ እንዳያቆሽሽ ከደረት አርቆ መያዝ የተለመደ ነው። ጆንያውን ደረት ላይ የሚያስጠጋ ተራ ሽርጥ እዚህ ላይ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

«ኩንታል የወንድ ልክ ነው።» ከጉና ግርጌ በሚወጣው የፋርጣ ድንችም ሆነ በወረታ ሩዝ ላይ ጫኝና አውራጆች የሚሰሙት ይህንኑ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ያስቀመጠው ጣሪያ 55 ኪሎ ነበር፤ ኩንታሉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። መቶ ኪሎ የመዛኝ ልክ እንጂ የትከሻ ልክ አይደለም። ማዳበሪያም ሲሚንቶም በ50 ኪሎ ከረጢት እየመጣ ድንቹና ሩዙ በመቶ የሚታጨቅበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ማስተካከል የሚችለው ተሸካሚው ሳይሆን ጆንያውን የሚያስሞላው ነጋዴ ነው።

«አባቶቻችን ሴባስቶፖልን አንቀሳቅሰው የለም ወይ?» አዎ፣ እዚሁ ጋፋት የተሠራውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አድርሰውታል። ግን አልተሸከሙትም። አፄ ቴዎድሮስ መንገድ አስጠርገው፣ ባለ ጎማ ሠረገላ ላይ አስጭነው በብዙ ሰው አስጎተቱት። ዛሬ መቶ ኪሎ ጆንያ ጎንበስ ላለ ሰው ጀርባ ላይ ሲጫን፣ የእጅ ጋሪ አጠገቡ ቆሞ የሚታይበት ጊዜ አለ።

መቀነት ጠበቅ አድርጎ ማሰርስ? አሜሪካ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የመደብር ሠራተኞችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት የወገብ ቀበቶ ጉዳትን ሲቀንስ አላገኘም።

«ወገቡ ለምዷል» ማለት ግን ከሁሉ የከፋው ነው። የሚለምደው በአብዛኛው ጡንቻው ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ መሃሉ የደም ሥርም የሕመም ነርቭም ስለሌለው ቀስ ብሎ ሲጎዳ ዝም ሊል ይችላል፤ ከተጎዳም የሚጠገነው በጣም በዝግታ ነው። ሕመሙ ሲመጣም ቀናት ሙሉ መተኛት አያድንም፤ በተቻለ መጠን መንቀሳቀስ ይሻላል። እግር ከዛለ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ግን ወጌሻ ጋ ሳይኬድ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።